ሁለት ዓይነት ጫማ ያደረገው ሟች

አሰልጣኙ የሞተው በግራ እግሩ አንድ ዓይነት፣ በቀኝ እግሩ ሌላ ዓይነት ጫማ አድርጎ ነው። ሚስቱ መጀመሪያ ያየችው ይህንን ነው። ደሙን ሳታይ በፊት «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ብላ አሰበች። የመጣችው ምሳ ቀርቧል ልትለው ነበር። ከቤት ሆና ብትጣራ አልመልስ ብሏት ነው፣ በኮሪደሩ አልፋ እስከ ጫማ ሱቃቸው መጋዘን የዘለቀችው።

በጫማ ካርቶኖች መሃል፣ ከትንሿ ወንበሩ አጠገብ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ጫማ የሚወጠርበት ከባድ የብረት ቅርጽ ከራስጌው ወድቋል። የቆየ ሶል የሚነጣበት ነጭ ቀለም ከነጣሳው ተገልብጦ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ቀለሙን የረገጠ ሰው ዱካውን ጥሎ ሄዷል። ክብ በክብ ውስጥ የተቀረጸበት ሶል ነው፤ የድሮ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በአንድ እግራቸው ቆመው የሚሽከረከሩበት። ዱካው ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ያለው ደግሞ የልጇ የጫማ መደርደሪያ ነው።

ጩኸቷን ዋጠችው። ባሏን ጥላ ወደ መደርደሪያው ሮጠች። የልጇ ነጭና ቀይ ጫማ፣ ያ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት፣ በቦታው ተቀምጧል። ገልብጣ ሶሉን ስታይ ቀለሙ ገና አልደረቀም።  የምትሠራውን ሳታውቅ የቀሚሷን ጫፍ በምራቋ አርጥባ መጥረግ ጀመረች።

«ምንድን ነው የምትጠርጊው?»

የባሏ እህት ናት። ለምሳ ተጠርታ መምጣቷ ነበር።

«ምንም… ቆሽሾ ነው።»

እህቱ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ መጋዘኑ ተመለከተች። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሰማውን ጩኸት የጮኸችው እሷ ናት።

*

መርማሪዋን ፖሊሶቹ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም፣ ስትወጋ ግን ታደማለች። ያን ቀን አዲስ ጥቁር የሥራ ጫማ አድርጋ ትንሽ ታነክስ ነበር። አስከሬኑ ሳይነሳ በፊት ብዙ ቆማ ያየችው እንደ ሌሎቹ ፊቱን አይደለም፣ እግሩን ነው።

በግራ እግሩ ያለው የሁልጊዜ ጫማው ነው። ቆዳው ለስልሷል፣ አፍንጫው ላይ ተሸብሽቧል፣ ማሰሪያው ከላይ ሁለት ቀዳዳ ተትቶለት ላላ ተደርጎ ታስሯል። የቀኙ ጥንዱ ወንበሩ ስር ተጥሏል። በቀኝ እግሩ ያለው ግን ሱቁ ውስጥ ካለው የመስታወት ሳጥን የወጣው፣ አሰልጣኙ በወጣትነቱ ቅርጫት ኳስ የተጫወተበት ጫማ ነው። ማሰሪያው በግማሽ ተፈትቷል።

ከእግሩ ስር፣ ቀለሙ ላይ፣ አንድ ሙሉ የግራ ጫማ ዱካ ነበር። ከዱካው ኋላ በቀኝ በኩል ደግሞ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን የሚያክል ክብ።

«ጣሳው ተንከባሎ የሠራው ነው» አለ ረዳቷ ፖሊስ።

«ጣሳው የት ነው ያረፈው?»

«እዚያ ማዶ።»

«እንግዲያው አልፎ ሄዶ ተመልሶ መጣ በላ!» ብላው በመዳፏ ክቡን ለካች። ቀጥሎ የልጁን ጫማ አነሳች። ነጩ ቆዳ አፍንጫው ላይ አንድ አዲስ እጥፋት አለው። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደችና ከእያንዳንዱ ጫማ አንድ አንድ የወረቀት ድቡልቡል አወጣች።

«የጫማ ቤት ጫማ ወረቀት ባይኖርበት ነው የሚገርመው» አለ ረዳቷ።

መርፌ ወረቀቶቹን በእጇ መዘነች፣ ጫን ጫን አደረገቻቸው፣ ኪስ በምታክል ፕላስቲክ ከረጢት ከተተቻቸው። እናትየው በሩ ላይ ተደግፋ ይህን ሁሉ ታያለች። «በወረቀት ትጫወታለች፤ ልጄ ሊታሰር ነው፣ እሷ ወረቀት ትለቅማለች» እያለች በሆዷ ትረግማት ነበር።

*

ልጁ የመጣው ወሬው ከደረሰው በኋላ ነው፤ በነጠላ ጫማ። የሰፈር ሰው «ዳክዬ» ይለዋል። ያን ነጭ ጫማ ሲያደርግ አፍንጫው እንዳይታጠፍበት እግሩን ሳያጥፍ፣ መሬቱን በሙሉ ሶሉ እየመታ ስለሚሄድ ነው።

«የት ነበርክ?» አለችው መርፌ።

«በእግሬ ስዞር።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። ሰው እኔን የሚያውቀኝ በጫማዬ ነው። በነጠላ ጫማ ሳልፍ ማን ዞር ብሎ ያየኛል?»

«ትላንት ከእንጀራ አባትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት የሟቹ እህት፣ አክስቲቱ፣ ቀደመችው። «ተጣልታችሁ ነበር? መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል! ወንድሜ አሳደገው፣ አለበሰው፣ ይኸው ውለታው!»

«እትዬ፣ እኔ አልነካሁትም።»

«እትዬ አትበለኝ! የማን እትዬ ነኝ?»

«እንዲህ አትናገሪው!» አለች እናትየው።

«አንቺማ ዝም በይ። ባልሽ ሳይቀዘቅዝ ጫማ ስታጥቢ በዓይኔ አይቼሻለሁ!»

መርፌ ሁለቱንም ቀና ብላ አየቻቸው።  «ጠቡ በምን ነበር?» አለችው ልጁን።

«በጫማ» አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። «የድሮ ሞዴል የሚያምረው ሳይታጠፍ ነው አልኩት። እሱ ደግሞ "ጫማ ካልታጠፈ እግር አልገባበትም ማለት ነው። ይሄ የተሠራው ሰው ሲዘል ቁርጭምጭሚቱን እንዲይዝለት ነው፤ ገበያም ሥራም ቀኑን ሙሉ ብትሄድበት አይጎዳህም፣ አንተ ግን እንደ ሙሽራ ታቅፈኸዋለህ" አለኝ። እኔም ተናደድኩና "አንተስ ያቺን መስታወት ውስጥ ቆልፈህ ታያት የለ?" አልኩት። ሱቁ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሳቁበት። እሱም "እውነትህን ነው፣ ነገ አውጥቼ አደርጋታለሁ፣ ከእንግዲህ የሥራ ጫማዬ ናት" አለ።» ድምፁ ተሰበረ። «ሙት አልኩት። ስወጣ በሩ ላይ ሙት ብዬዋለሁ።»

እናትየው ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ቃል እንዳይናገር ስትጸልይ ነበር።

መርፌ ከመደርደሪያው ኋላ የተገኙ ሁለት ጎባጣ ፕላስቲኮች አሳየችው። «እነዚህስ?»

«ጋሻዎቼ ናቸው። አፍንጫው እንዳይታጠፍ ውስጡ ይገባሉ። ማን አወጣቸው?»

«ወረቀትስ ትከታለህ?»

«ወረቀት?» ሐዘኑ ውስጥ ሆኖም ተናደደ። «ወረቀት ለሱቅ ጫማ ነው። እኔ ወረቀት ከትቼ አላውቅም።»

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«አርባ አንድ።»

«ጫማውን ሌላ ሰው ያደርግብሃል?»

«እናቴ እንኳ ስታጸዳ በመሃረብ ነው የምትይዘው።»

አክስቲቱ ከንፈሯን ነከሰች። «ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል። ስሚው እንግዲህ፣ ሲቀጥፍ!»

መርፌ ወደ እሷ ዞረች። ሴትዮዋ ሰፊና ረጅም እግር አላት፤ ያደረገችው የወንድ ጫማ ነው። «ያንን የመስታወቱን ጫማ ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! ወንድሜ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ አጥንቱ እንደ እንቁላል ወጥቶ ቀረ። በዚያ እግሩ ያቺኑ ጫማ አድርጎ ጨዋታ እስኪያቆም ተጫወተባት። ቆዳዋም እንደ እግሩ አብጣ ቀረች። ጠጋኝ ላስተካክላት ቢለው "ተዋት፣ እግሬን ታውቀዋለች" አለው።» እዚህ ላይ እንባዋ መጣ፤ እንባዋ ግን ቁጣዋን አላበረደውም። «አሁን ይሄን ልጅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ወይስ ሽማግሌ ልጥራላችሁ?»

«ከመምሸቱ በፊት አንድ ሰው ይዤ እሄዳለሁ» አለች መርፌ።

እናትየው ይህን ስትሰማ ሄዳ የልጇን እጅጌ ያዘች።

*

ሱቁ ውስጥ የምትሠራው ሻጭ ስትመጣ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። የሱቁ ደንበኞች «ቁጥር» ይሏታል፤ ሰው ከበር ሲገባ አይታ የእግሩን ቁጥር ስለምትናገር። የራሷ እግር የሕፃን ይመስላል። ከእናትየው አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው! ጋሼን እንዴት አድርገው… እኔ እኮ ለምሳ ቆልፌ ወጥቼ ነበር!»

በዚያ ቀን ደግ ቃል የተናገረቻት እሷ ብቻ ናት። እናትየው አቅፋት አለቀሰች።

መርፌ ሱቁ ውስጥ ገብታ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እናትየው በቤቱና በሱቁ መሃል ካለው መጋረጃ ኋላ ቆመች፤ ማንም ሂጂ አላላትም።

«ይሄ ጫማ ገድሎኛል» አለች መርፌ። «እያወራን አንድ የሚመች ነገር ፈልጊልኝ። የድሮውን ዓይነት።»

ሻጯ ደነገጠች፤ ሥራ ግን ሥራ ነው። «ሠላሳ ዘጠኝ» አለች ሳትጠይቅ።

«አርባ አምጪልኝ። እግሬ አብጧል።»

ሻጯ ካርቶን አወረደች። ከጫማው ውስጥ ልል ብሎ የተጨማደደ ስስ ወረቀት አውጥታ ጣለች። ቀኝ ጉልበቷን መሬት ላይ አሳርፋ፣ ግራ እግሯን ከፊት ተክላ ተንበረከከች። ወዲያው ፊቷ ተኮሳተረ፤ የካርቶን ክዳን ስባ ከጉልበቷ ስር አደረገች። እናትየው ይህን አየች። ሻጯ ዘወትር ጉልበቷ ላይ የምታስረው ክብ መከዳ ዛሬ የለም። «ያዘነ ሰው ምን ያስታውሳል» ብላ አለፈችው።

«ከጋሼሽ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ አባቴ ነበር። ልጁ ግን… የሰው ነገር ማውራት አልወድም።»

«አውሪ።»

«ትላንት ሙት ብሎታል። ሁላችንም ሰምተናል። የመስታወቷን ጫማ አደርጋለሁ ሲለው ዓይኑ ተለዋወጠ። ለእሱ ጫማ ማለት ጌጥ ነው፤ ሲሞት ይወርሳት ነበራ።»

«ተዪው። ይሄ ይሰፋኛል መሰለኝ፣ ተረከዜ ይወጣል።»

«ለሰፊ ጫማ መድኃኒት አለው» አለች ሻጯ። የጣለችውን ወረቀት አንስታ በሁለት መዳፏ ጠቀጠቀችው፣ እንደ ድንጋይ አጠናከረችው፣ ከጫማው አፍንጫ ውስጥ ወተፈችው። «ይኸው። አሁን ይሂዱበት፣ ልክዎ ነው።»

መርፌ ተነስታ ከመስታወቱ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። «እውነትም ተስተካከለ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እናትየው ግን ያንን ፈገግታ ጠላችው። ባሏ ሞቶ፣ ልጇ በፖሊስ ተጠብቆ፣ ይህች ሴት ጫማ ትለካለች!

*

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አክስቲቱ በሩ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆመች። ልጁ ከረዳቱ ጎን፣ ሻጯ ከገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ኋላ። እናትየው መቀመጥ አቃታት።

«ዱካው የዚህ ልጅ ጫማ ዱካ ነው» ብላ ጀመረች መርፌ። «ቀለሙም ሶሉ ላይ አለ።»

«አላልኩም?» አለች አክስቲቱ።

«እኔ ነኝ!» እናትየው መሃል ገባች። ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም። «እኔ ነኝ የገደልኩት። የልጄን ጫማ አድርጌ። ልቀቁት፣ እኔን ውሰዱኝ!»

«እማዬ!»

መርፌ ጠጋ አለቻት። «እግርዎ ስንት ነው?»

«ሠላሳ… ሠላሳ ስድስት።»

«የልጅዎ ጫማ አልሰፋዎትም?»

«አልሰፋኝም። ልኬ ነበር።»

«ምን ከተቱበት?»

እናትየው የልጇን እግር አየች። ምን ይከተታል? «ምንም» አለች በመጨረሻ።

«ይቀመጡ፣ እናቴ» አለች መርፌ፤ በዚያ ቀን ለስለስ ያለችው እዚህ ላይ ብቻ ነው። «ውሸት እንኳ በልክ ነው።»

የፕላስቲክ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እነዚህ ወረቀቶች ከልጁ ጫማ ውስጥ የወጡ ናቸው። በጫማ ቤት ጫማ ውስጥ ወረቀት ማየት ማንንም አያስገርም፤ ገዳዩም ረስቶት የሄደው ለዚህ ነው። ነገር ግን ቅርጽ ለመጠበቅ የሚገባ ወረቀት ልል ነው። እነዚህ እንደ ድንጋይ ተጠቅጥቀዋል። በአንድ ጎናቸው ደግሞ የጣት ጉድጓድ አለባቸው። ወረቀቱ ውስጥ እያለ ሰው ተራምዶበታል። የገዛ ጫማው ውስጥ ማን ወረቀት ይጠቀጥቃል? ለልጁ ልኩ ነው፤ ወረቀት አያስፈልገውም። እትዬም እግራቸው ከልጁ ይበልጣል፤ ጭራሽ አይገባቸውም።»

አክስቲቱ እግሯን አየች። ወደ ኋላ ሰበሰበችው።

«ገዳዩ ትንሽ እግር ያለው ሰው ነው። የልጁን ጋሻዎች አውጥቶ ወረቀት ተካበት። ነገሩ በንዴት የመጣ አይደለም፤ ታስቦበታል። ጥሉን የሰማ ሰው ነው፣ ጥፋቱ በማን እንደሚላከክ ያውቃል።»

«ለምን ይገድለዋል?» አለች አክስቲቱ። ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«አሰልጣኙ ለምን ሁለት ዓይነት ጫማ አደረገ? እርስዎ ነግረውኛል። ጫማዋ እግሬን ታውቀዋለች አይደል ያለው? ዛሬ አውጥቶ ቀኝ እግሩን ሲያስገባ ግን አላወቀችውም። ቁርጭምጭሚቱን ቆረጠመችው። እንደገና ላያት ብሎ ግራውን ሳይቀይር ቁጭ አለ። ከእግሩ ያወጣነው ጫማ ቆዳው ላይ እብጠት የለም። ውስጡ የማንም እግር ገብቶበት አያውቅም። እንዲያረጅ ተብሎ የተቀባ አዲስ ጫማ ነው። አንድ ሰው እውነተኛዋን ሸጦ ይሄንን መስታወት ውስጥ አስቀምጧል። እስከ ትላንት የሚያስፈራው ነገር አልነበረም፤ ጫማዋ የምትታይ እንጂ የምትደረግ አልነበረችም። ትላንት ግን አሰልጣኙ ነገ አደርጋታለሁ አለ።»

ሻጯ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ማንም አላያትም፤ ሁሉም መርፌን ያያል።

«ገዳዩ ከመታው በኋላ ጫማውን አውልቆ ወደ መስታወቱ ሊመልስ ፈለገ። ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ፤ ከቤት በኩል ምሳ ቀረበ የሚል ድምፅ ሲሰማ ተወው፤ የልጁን ጫማ መደርደሪያው ላይ መልሶ በጓሮ ወጣ። ሊፈታ ሲል ከሟቹ እግር ስር ተንበረከከ። እንዴት? ግራ እግሩን ከፊት ተክሎ፣ ቀኝ ጉልበቱን መሬት አሳርፎ። ጉልበቱ ያረፈበት ቦታ ግን የጉልበት ቅርጽ የለውም፤ ክብ ነው። እናቴ፣ ባለቤትዎ እግር ስር እንዲህ ይንበረከካል የሚሉት ሰው አለ?»

እናትየው ከመናገሯ በፊት አንገቷ ዞሮ ነበር። «መከዳዋ» አለች። «ጠዋት ጉልበቷ ላይ አስራው ነበር።»

ረዳቱ ከጓሮው የቆሻሻ በርሜል የወጣ፣ ክብ ሰማያዊ መከዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በአንድ ወገኑ ነጭ ቀለም ደርቆበታል።

«ዓመል ያወጣል ከመሃል» አለች መርፌ። «ሌላ ሰው ቢሆን ጎንበስ ይላል፣ ወይም ይቀመጣል። አንቺ ግን ለሞተም ሰው እንደ ደንበኛ ተንበረከክሽ። ዛሬ ለእኔ የጠቀጠቅሽልኝ ወረቀትም ከእነዚህ ጋር እህትማማች ነው።»

ሻጯ መጀመሪያ ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ ያ የሚያባብል ፊቷ እንደ ጨርቅ ወደቀ።

«ዕድሜዬን የሰው እግር ስር ተንበርክኬ ጨረስኩት!» አለች። «የሰው ላብ እያሸተትኩ! እሱ አንዲት አሮጌ ጫማ መስታወት ውስጥ አስቀምጦ በመሃረብ ይጠርጋታል። አንድ ቀን ጉልበትሽን ያምሻል ወይ ብሎኝ አያውቅም! ላያደርጋት ምን ያደርግለታል? ምን አለበት ዝም ብሎ ቢያያት?»

«ልጄንስ?» አለች እናትየው። «ልጄ ምን አደረገሽ? አቅፌሽ አልቅሻለሁ እኮ!»

ሻጯ ወደ በሩ ዞረች። ረዳቱ ይዟት ሲወጣ እንኳ በሩ ላይ የቆመችውን አክስት እግር አይታ ነበር ያለፈችው፤ ልክ እንደምትለካ።

አክስቲቱ ከበሩ ተነሳች። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ልጁ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፣ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ ወጣች።

«ጫማህ ለጊዜው እኛ ጋ ይቆያል» አለችው መርፌ። «ታጥፏል፤ መቼም አዝናለሁ።»

«ይቆይ» አለ ልጁ። «የእሱ ሁለተኛዋስ? ወንበሩ ስር የነበረችው የቀኙ?»

መርፌ አሮጌውን ጫማ ሰጠችው። ልጁ መሬት ላይ በሁለት ጉልበቱ ቁጭ አለና ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ከላይ ሁለት ቀዳዳ ተወለት፣ አሰልጣኙ እንደሚያደርገው። ቆዳው በቁርጭምጭሚቱ በኩል ማበጥ ጀምሮ ነበር። እዚያ ላይ እጁን አኑሮ ቆየ።

«ሲቀብሩት ይቺን ያድርግ» አለ። «ሙት ብዬዋለሁ፣ እማዬ። ቢያንስ እግሩን አይመመው።»

እናትየው ክንዱን ይዛ አስነሳችው። ጫማውን ታቅፎ ቀድሟት ወደ ቤት ገባ። ከኋላው ሆና እግሩን አየችው። እንደ ዳክዬ አልነበረም። ጣቶቹን እያጠፈ፣ እንደ ማንኛውም የደከመው ሰው ይራመድ ነበር።